ባለሰባት ነጥቧ ጥንዚዛና አረንጓዴው ሌስዊንግ፦ «የትኛው ብዙ ክሽክሽ ይበላል?» ከማለት በፊት

የተክል ጭማቂ የሚመጥጡትን ጥቃቅን ተባዮች፣ ክሽክሽን (አፊድን)፣ በመድኃኒት ርጭት ብቻ ማሸነፍ ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ መጥቷል። ማይዙስ ፐርሲኬ የሚባለው አረንጓዴ ክሽክሽ ብቻውን ከ70 የሚበልጡ የኬሚካል ውህዶችን መቋቋም እንደቻለ ተመዝግቧል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለዓመታት የክሽክሽ መከላከያ ሆነው የቆዩትን ኢሚዳክሎፕሪድን፣ ክሎቲያኒዲንንና ታያሜቶክሳምን ንብ ስለሚጎዱ ከግሪንሃውስ ውጪ እንዳይውሉ እ.ኤ.አ. በ2018 አግዷል። አንዱ መድኃኒት ሲሰንፍ፣ ሌላው ሲታገድ፣ አምራቹ ፊቱን ወደ አዳኝ ነፍሳት እያዞረ ነው።

ፊቱን ሲያዞር ቀድሞ የሚሰማው ሁለት ስም ነው። አንዷ በተለምዶ ሌዲበርድ የምትባለው፣ በሳይንሳዊ ስሟ ኮክሲኔላ ሴፕቴምፑንክታታ፣ ባለሰባት ነጥቧ ቀይ ጥንዚዛ ናት። ሌላው አረንጓዴው ሌስዊንግ፣ ክሪሶፐርላ ካርኒያ ነው። የሚቀርበው ጥያቄም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የትኛው ብዙ ይበላል? ጥያቄው ቀና ይመስላል፤ ገንዘብ የሚያስጥለው ግን እሱ ነው። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አዳኙ የሚበላው በየትኛው ዕድሜው እንደሆነ፣ በለቀቁት ቦታም ይቆይ እንደሆነ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መለኪያዎች ጥንዚዛዋና ሌስዊንጉ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

በሆድ ብቻ ከተለካ ጥንዚዛዋ ታሸንፋለች። ያደገች ባለሰባት ነጥብ ምግብ በበዛበት በቀን በደርዘን የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም እስከ 100 የሚደርሱ ክሽክሾችን ትበላለች። እጯም ሙሽሬ (በእጭነትና በሙሉ ዕድገት መካከል ያለው የማይበላ ደረጃ) እስክትሆን ጥቂት መቶዎችን ትጨርሳለች። የሌስዊንግ እጭም በሁለትና ሦስት ሳምንት ዕድሜው እንዲሁ ጥቂት መቶ ክሽክሽ ይበላል፤ ሲያድግ ግን አደኑን ጨርሶ ይተዋል። ያደገው ሌስዊንግ የአበባ ወለላ፣ የአበባ ዱቄትና ክሽክሾቹ የሚያወጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ እየላሰ የሚኖር ሰላማዊ ፍጥረት ነው። የሩቅ ዘመዶቹ የሆኑት የክሪሶፓ ወገን ሌስዊንጎች ካደጉ በኋላም ያድናሉ፤ ክሪሶፐርላ ግን አያድንም። ስለዚህ ያደጉ ሌስዊንጎችን በብልቃጥ ገዝቶ ተክል ላይ የለቀቀ ሰው አዳኝ አልለቀቀም፤ እንቁላል ጣዮችን ነው የለቀቀው።

ሁለቱን መለየት

ያደገችው ባለሰባት ነጥብ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ትረዝማለች። በእያንዳንዱ ቀይ የክንፍ ሽፋኗ ላይ ሦስት ሦስት ጥቁር ነጥቦች አሉ፤ ሰባተኛው አንገቷ ሥር፣ ሁለቱ ሽፋኖች በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ለሁለት ተከፍሎ ተቀምጧል። ስትነካ እግሮቿን ሰብስባ ከጉልበቷ መገጣጠሚያ መራራ ቢጫ ፈሳሽ ታንጠባጥባለች። ቀይ ቀለሟ ወፎችን የሚያስጠነቅቀው ስለዚሁ ምሬት ነው።

ችግር ያለው እጯ ላይ ነው። እጯ እናቷን በምንም አትመስልም። ግራጫና ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያላት፣ ስድስት እግሮቿ ወደ ጎን የወጡ፣ ገጿ ሸካራ የሆነ፣ ትንሽ አዞ የምትመስል ናት። ብዙ ሰው ይህችን እጭ ሲያይ ተባይ ናት ብሎ ይጨፈልቃታል ወይም ይረጫታል። ሙሽሬዋም ቅጠል ላይ ተጣብቃ የምትቀመጥ ብርቱካናማ እብጠት በመሆኗ የበሽታ ምልክት ተደርጋ ትቀጠፋለች። ሠራተኞችን አስቀድሞ የእጭና የሙሽሬ ፎቶ ማሳየት ከማንኛውም የአለቃቀቅ ዘዴ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው። በአንጻሩ ባለነጥብ ጥንዚዛ ሁሉ ወዳጅ አይደለም፤ ከዚሁ ቤተሰብ የሚመደቡት ኤፒላክና የሚባሉት ቅጠል በሎች ናቸው። ጀርባቸው የማያብረቀርቅና በአጫጭር ጸጉር የተሸፈነ መሆኑ፣ ቅጠሉንም ፍቀው መረብ ማስመሰላቸው ያጋልጣቸዋል።

ሌስዊንጉ ሲያድግ ቀጭን አረንጓዴ አካል፣ እንደ ስስ ጥልፍ ብርሃን የሚያሳልፉ አራት ክንፎችና ወርቃማ ዓይኖች አሉት። የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው ሌሊት ነው። በክንፉ ሥር ባለች የመስማት አካል የሌሊት ወፍ የሚያወጣውን ከሰው ጆሮ በላይ የሆነ ድምፅ ሰምቶ፣ ክንፉን አጥፎ ወደ መሬት በመውደቅ ያመልጣል። እንቁላሉን አይቶ የማይለይ የለም፤ እናቲቱ የሆዷን ጫፍ ቅጠሉ ላይ አስነክታ አንዲት ጠብታ ታስቀምጥና ወደ ላይ ትስባታለች፤ ጠብታዋ በቅጽበት ደርቃ እንደ ጸጉር የቀጠነ ዘንግ ትሆናለች፤ እንቁላሉ በዘንጉ ጫፍ ላይ ይቀራል። ይህ ዘንግ እንቁላሉን ከጉንዳንና ከሌሎች በላተኞች፣ እንዲሁም ቀድመው ከተፈለፈሉ ወንድሞቹ በተወሰነ ደረጃ ይጠብቀዋል። ካርኒያ ተብለው የሚጠሩት ሌስዊንጎች በእርግጥ አንድ ዝርያ ብቻ አይደሉም፤ ወንድና ሴት ሆዳቸውን እያንቀጠቀጡ በቅጠሉ በኩል በሚለዋወጡት የንዝረት ዜማ ካልሆነ በመልክ ለመለየት የሚያስቸግሩ የቅርብ ዘመዳሞች ስብስብ ናቸው።

አገዳደላቸው በቅርብ ሲታይ

በእጅ አጉሊ መነጽር የተጠቃ ቀንበጥ ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል ዓይንን ማሳረፍ ብዙ ያስተምራል። የሌስዊንጉ እጭ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ይሄዳል። የሚያድነው በአብዛኛው በመንካት ነው፤ ክሽክሹ ከፊቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ሳያገኘው ሊያልፍ ይችላል። ሲነካው ግን እንደ ማጭድ የታጠፉ ሁለት መንጋጋዎቹን ይሰካበታል። መንጋጋዎቹ ውስጣቸው ቦይ ነው፤ በዚያ በኩል የሚያሟሟ ኢንዛይም ያስገባል፣ የተሟሟውንም መልሶ ይመጥጣል። ብዙ ጊዜ ክሽክሹን ከቅጠሉ አንስቶ በአየር ላይ ይይዘዋል፤ እግሩ መያዣ ያጣ ክሽክሽ ለማምለጥ አቅም የለውም። ከደቂቃዎች በኋላ የተሸበሸበ ባዶ ቆዳ ይጥላል። የሚገርመው የሆዱ አሠራር ነው፤ የእጩ መካከለኛ አንጀት ከኋለኛው ጋር ስላልተያያዘ ካደገ በኋላ ከሽፋኑ እስኪወጣ ድረስ ጠጣር ቆሻሻ አያስወጣም። ስለዚህ ሌስዊንግ የሠራበት ቅጠል ላይ ባዶ ቆዳ እንጂ ኩስ አይገኝም።

ጥንዚዛዋ ታኝካለች። ትንንሽ እጮቿ ወግተው ቢመጡም ትላልቆቹና ያደጉት ክሽክሹን እንዳለ ይበሉታል፤ ቢተርፍ እግርና አንቴና ቢሆን ነው። ከዚህ የተነሳ ሥራዋ ምልክት አይተውም፤ ሌላ ሰው ያጸዳው ይመስላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በቅጠል ላይ የሚታዩትን ነጫጭ ቅርፊቶች የሞቱ ክሽክሾች ናቸው ብለው በማሰብ ነው። ነጫጮቹ ክሽክሾቹ ራሳቸው ሲያድጉ የገፈፉት ቆዳ ነው፤ መብዛታቸው አዳኙ ማሸነፉን ሳይሆን መንጋው በፍጥነት ማደጉን ያሳያል።

የተወጋ ክሽክሽ ከጀርባው ካሉት ሁለት ቱቦዎች የማስጠንቀቂያ ጠረን ያለው ጠብታ ያወጣል። ጎረቤቶቹ መርፌ አፋቸውን ነቅለው ይሸሻሉ ወይም ይወድቃሉ። ወደ መሬት የወደቁት የሞቱ ስላልሆኑ ከተክሉ ሥር ያለውን አረምና ዝቅተኛ ቅጠል ሳይመለከቱ «ጠፍቷል» ማለት አይገባም።

ሁለቱም አንድ ክሽክሽ ከበሉ በኋላ አካሄዳቸውን ይለውጣሉ፤ ፍጥነታቸውን ቀንሰው እየተጠማዘዙ በዚያው አካባቢ ይፈልጋሉ። ክሽክሽ በመንጋ ስለሚኖር ይህ ያዋጣቸዋል። ለሚለቅ ሰው የሚሰጠው ትርጉም ግልጽ ነው፦ አዳኙ የመጀመሪያውን ምግብ በቶሎ እንዲያገኝ ከመንጋው አጠገብ መቀመጥ አለበት። ባዶ ቅጠል ላይ የተጣለ የአንድ ሚሊ ሜትር እጭ ምግብ ሳያገኝ ሊሞት ይችላል።

የቀን ስሌት

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሸነፈው በጊዜ ነው። ክሽክሽ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ የምትወልዳቸው ልጆችም በሆዳቸው ውስጥ ሌሎች ልጆችን ማሳደግ ጀምረው ይወለዳሉ። በሞቃት ወቅት ከተወለደች በአንድ ሳምንት ወይም በጥቂት ቀናት ጭማሪ መውለድ ትጀምራለች። ለማስረዳት ያህል በአንድ ቀንበጥ ላይ 50 ክሽክሽ አለ፣ በየ3 ቀኑም እጥፍ ይሆናል እንበል። በ3ኛው ቀን 100፣ በ6ኛው 200፣ በ9ኛው 400፣ በ12ኛው 800 ይደርሳል።

አሁን የሌስዊንግ እንቁላል ዛሬ ተለቀቀ እንበል። ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ለመፈልፈል 4 ቀን ያህል ይወስዳል። የመጀመሪያው ደረጃ እጭ 3 ቀን፣ ሁለተኛውም 3 ቀን ያህል ይቆያል። በእነዚህ ቀናት የሚበላው እጅግ ጥቂት ነው። ከሚበላው ጠቅላላ ምግብ አራት አምስተኛው ገደማ የሚበላው በሦስተኛውና በመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ያ ደግሞ የሚጀምረው ከተለቀቀ በ10ኛው ቀን አካባቢ ነው። እስከዚያ 50 የነበረው መንጋ ከ400 አልፏል። የጥንዚዛዋ እጭም ያው ናት፤ አራት ደረጃ ታልፋለች፤ አብዛኛውን የምትበላው በአራተኛው ነው። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን ይህ ሁሉ ይረዝማል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲቃረብ የሌስዊንጉ እጭ ከሞላ ጎደል ይቆማል፣ ክሽክሹ ግን በዚያም ብርድ ቢሆን ቀስ እያለ መባዛቱን አይተውም።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው። እንቁላል የሚለቀቀው ክሽክሽ ገና እዚህም እዚያም ሲታይ ነው። መንጋው ከተቋቋመና ቅጠል መጠቅለል ከጀመረ እንቁላል ቢዘሩ ጊዜው አልፏል፤ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ እጭ ነው፤ እሱ በ3 ቀን ውስጥ ወደ ከባዱ የመብላት ዕድሜ ይገባል። ተክሉ በጣፋጭ ፈሳሽ ከተለቀለቀና ጥቁር ሻጋታ ከያዘ ደግሞ በየትኛውም አዳኝ መጀመር አይመከርም። በመጀመሪያ በጣም የተጎዱትን ቀንበጦች መቁረጥ፣ ቀሪውን በውኃ ግፊት ወይም በፀረ ተባይ ሳሙና ማጠብ፣ ሳሙናው ከደረቀ በኋላ እጭ መልቀቅ ይሻላል። ሳሙና የሚገድለው እርጥብ ሆኖ የነካውን ብቻ ስለሆነ በኋላ የሚመጣውን አዳኝ አይጎዳም።

ቀይዋ ለምን ትሄዳለች?

የጥንዚዛ ዝና የጀመረው ከ1888–89 እ.ኤ.አ. ነው። አልበርት ኮቤሌ ከአውስትራሊያ ወደ ካሊፎርኒያ የላካት ሮዶሊያ ካርዲናሊስ የምትባል ትንሽ ጥንዚዛ የብርቱካን እርሻዎችን ሊያወድም የደረሰውን ጥጥ መሳይ ቅርፊት ተባይ በአጭር ጊዜ አንበረከከችው። ያ ድል እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ግን ሮዶሊያ የዚያ አንድ ተባይ ልዩ አዳኝ ናት፤ ከተባዩ ጋር ትኖራለች፣ ከእሱ ውጪ ብዙም ምርጫ የላትም። ባለሰባት ነጥቧ የተሠራችው በሌላ መንገድ ነው። ክሽክሽ በአንድ ማሳ ላይ በድንገት የሚፈነዳና በሳምንታት ውስጥ የሚጠፋ ምግብ ስለሆነ ሕይወቷ ከማሳ ማሳ መብረርን ይጠይቃል። እንቁላል ለመጣል በቂ ክሽክሽ መብላት አለባት፤ ሌሎች እጮች የተራመዱበት ቅጠል ላይ የቀረ ሽታ ካገኘች ደግሞ ልጆቿ እንዳይራቡ ወይም እንዳይበሉ ትታ ትሄዳለች። መንጋው ሲሳሳ፣ ገና አሥራ ምናምን ክሽክሽ በየቅጠሉ ቀርቶ ሳለ፣ ክንፏን ዘርግታ ትነሳለች። ለእሷ ብልህነት ነው፤ ለአምራቹ ግን ሥራው ሳያልቅ የሄደ ሠራተኛ ነው።

በገበያ ላይ የሚያጋጥመው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በተለይ በሰሜን አሜሪካ በከረጢት የሚሸጡት ጥንዚዛዎች በአብዛኛው ባለሰባት ነጥብ ሳይሆኑ ሂፖዳሚያ ኮንቨርጀንስ የሚባሉ ናቸው፤ የብርዱን ወቅት በተራራ ላይ ተሰብስበው በሚያሳልፉበት ጊዜ ከዱር በአካፋ ይታፈሳሉ። በሰውነታቸው ስብ ይዘዋል፤ ከዚያ እንቅልፍ ሲነቁ የመጀመሪያ ፍላጎታቸው መብላት ሳይሆን መበተን ነው። ስለዚህ በክሽክሽ መካከል ቢለቀቁም አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበራሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች አንድ በክሽክሽ የተወረረ ትልቅ የጽጌረዳ ቁጥቋጦን ለማጽዳት በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 1,500 ያህል ጥንዚዛ መልቀቅ እንደሚያስፈልግ ይገልጻሉ። ለአንድ ቁጥቋጦ! ከዱር የታፈሱት በተጨማሪ ኖሴማ የሚባሉ ጥገኛ ተሕዋስያንንና ዲኖካምፐስ ኮክሲኔሌ የተባለችውን ተርብ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ይህች ተርብ በጥንዚዛዋ ሰውነት ውስጥ ታድግና ወጥታ በእግሮቿ መካከል የሐር ሽፋኗን ትሠራለች፤ ጥንዚዛዋም እየተንቀጠቀጠች እንደ ጠባቂ ትቆማለች። ቅጠል ላይ በቢጫ ኳስ ላይ ተጎንብሳ የማትንቀሳቀስ ጥንዚዛ ከታየች እያረፈች አይደለችም።

የእኛ አቋም እንግዲህ ይህ ነው፦ ያደገች ጥንዚዛ የምትጠበቅ እንጂ የምትገዛ አይደለችም። በሰፊ ማሳ ላይ በራሷ ጊዜ የምትመጣው ባለሰባት ነጥብ ከማንኛውም ጥቅል የበለጠ ትሠራለች። መግዛት ግድ ከሆነ በእርባታ ቤት የተራባች እጭ ይገዛ፤ ክንፍ ስለሌላት ትቆያለች። ለተወሰነ ቦታ፣ ለግሪንሃውስ፣ ለችግኝ ጣቢያ፣ ለጥቂት የታመሙ ረድፎች ግን የሌስዊንግ እጭ ይመረጣል። መብረር አይችልም፤ ክሽክሽ ሲያልቅም ትሪፕስ የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት፣ የነጭ ዝንብ ጫጩት፣ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ማይት፣ የእሳት ራት እንቁላል እየበላ ዕድሜውን መግፋት ይችላል። ባለሰባት ነጥቧ እነዚህን አልፎ አልፎ ብትቀምስም ያለ ክሽክሽ በደንብ አትራባም።

አለቃቀቅ

የሌስዊንግ እጮች እርስ በርስ ይበላላሉ። ለዚህ ነው እያንዳንዱ እጭ ለብቻው በትናንሽ ክፍሎች ተለያይቶ ወይም ከገለባና ከመሰል ነገር ጋር ተደባልቆ የሚላከው። ጥቅሉ ሲደርስ በዚያው ዕለት መልቀቅ ነው፤ ግድ ከሆነ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ በሚሆን ጨለማ ቦታ ለአንድ ቀን ማቆየት ይቻላል። እቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ4 ዲግሪ በታች ማስቀመጥ ይጎዳቸዋል፤ ፀሐይ ላይ በመኪና ውስጥ የተተወ ጥቅል ደግሞ በአንድ ሰዓት ያልቃል።

እንቁላል ከሆነ ጥራቱን መፈተሽ አያስቸግርም። ወደ 50 እንቁላል በትንሽ ክዳን ባለው ብርጭቆ ለይቶ በክፍል ሙቀት ማስቀመጥ ነው። አዲስ የተጣለ እንቁላል አረንጓዴ ነው፤ ሊፈለፈል ሲቃረብ ግራጫ ይሆናል፤ ከተፈለፈለ በኋላ የሚቀረው ነጭ ባዶ ቅርፊት ነው። እስከ 5ኛው ቀን ድረስ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው የማይፈለፈል ነው። ከ50ው ስንቱ ነጭ ቅርፊት እንደሆነ መቁጠር ስለ ጥቅሉ ጥራት ይነግራል። ሕያው እጮችን በመቁጠር ግን መፍረድ አይቻልም፤ የቀደሙት የዘገዩትን ስለሚበሏቸው ቁጥሩ ሁልጊዜ ያንሳል። በዋናው ጥቅል ውስጥ ጥቂት እጮች መንቀሳቀስ ከጀመሩ ለነገ ማሳደር ኪሳራ ነው።

እንቁላሉን በደረቅ ፉርሽካ ወይም በቬርሚኩላይት (ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ) ቀስ ብሎ ማዋሃድ በእኩል ለመዝራት ይረዳል፤ መያዣው በየጥቂት ደቂቃው ካልተገለበጠ እንቁላሉ ወደ ታች ሰርጎ የመጀመሪያዎቹ ተክሎች ፉርሽካ ብቻ ይደርሳቸዋል። እጭ ሲለቀቅ ለቀላል ጥቃት በአንድ ካሬ ሜትር 10 ያህል፣ ለበረታ ጥቃት 20 ወይም ከዚያ በላይ የተለመደ መነሻ ነው። መጠኑን በማሳው ሁሉ እኩል መበተን ግን ብክነት ነው። ክሽክሽ ያለባቸው ተክሎች በባለቀለም ገመድ አስቀድሞ ይለዩና ከእጩ አብዛኛው እነሱ ላይና አጠገባቸው ባሉት ላይ ይቀመጥ። ቅጠሉ ደረቅ ይሁን፤ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነ እጭ በውኃ ጠብታ ውስጥ ይሰምጣል። ያደገች ጥንዚዛ ስትለቀቅ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሲመሽ፣ ተክሉን ረጨት ረጨት አድርጎ፣ ከሥሩ አጠገብ መልቀቅ ነው፤ በጨለማ አትበርም፣ ስትጠማም ውኃ ታገኛለች። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መድገም ለሁለቱም ያስፈልጋል፤ አንድ ዙር ልቀት የዕድሜ ክፍተት ይፈጥራልና።

ሁለቱን በአንድ ተክል ላይ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ውጤቱን አይደምረውም። ትልቁ ትንሹን ይበላል፤ ዛሬ የተፈለፈለ ሌስዊንግ የጥንዚዛ አራተኛ ደረጃ እጭ ፊት ክሽክሽ ነው፣ በተቃራኒውም እንዲሁ። ሁለቱም በውስጣቸው የጥገኛ ተርብ ልጅ የያዙ ክሽክሾችን ሳይለዩ ይበላሉ፤ ስለዚህ ቅጠሉ ላይ ያበጡ የነሐስ ቀለም ያላቸው የደረቁ ክሽክሾች በብዛት ካሉ ተርቦቹ ሥራውን ይዘውታል፣ ሌላ አዳኝ መጨመር አያሻም።

የሚያበላሹት

ጉንዳን። ክሽክሽ ባለበት ጉንዳን ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ ከሆነ ጣፋጩን ፈሳሽ እየሰበሰበ፣ በምላሹም መንጋውን እየጠበቀ ነው። የጥንዚዛ እጭን ነክሶ ይጥላታል፣ የሌስዊንግ እንቁላልንም ያነሳል። በዛፍና በቁጥቋጦ ላይ ግንዱን በወረቀት ወይም በጨርቅ ጠቅልሎ በላዩ የሚያጣብቅ ቅባት መቀባት ነው፤ ቅባቱ በቀጥታ ልጣጩን ከነካ ግንዱን ይጎዳል። ከአጎራባች ተክል የተነካካ አንድ ቅርንጫፍ ካለ ማገጃው ዋጋ የለውም፤ ጉንዳኑ በዚያ ይሻገራል።

የቅጠሉ ገጽም ይወስናል። የቲማቲም ቅጠልና ግንድ የሚያጣብቅ ፈሳሽ በሚያወጡ ጸጉሮች ስለተሸፈነ ትናንሽ እጮች ይያዛሉ፤ እዚያ ብዛቱን ከመጨመር ይልቅ የደረጀ እጭ መጠቀም ይረዳል። አተር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቅጠሉ በሰም የተለበጠ በመሆኑ ጥንዚዛዋ እየተንሸራተተች ትወድቃለች። ሰሙ የቀነሰ የአተር ዓይነት ላይ አዳኞች የተሻለ እንደሚሠሩ በሙከራ ታይቷል።

መድኃኒትን በተመለከተ ሁለቱ እኩል አይጎዱም። የክሪሶፐርላ እጮች ፓይሬትሮይድ የሚባሉትን መድኃኒቶች የሚሰባብር ኢንዛይም ስላላቸው ከብዙ አዳኞች የተሻለ ይቋቋማሉ፤ ጥንዚዛዎች ግን በእነዚሁ ክፉኛ ያልቃሉ። ይህ ማለት ፓይሬትሮይድ እየረጩ ሌስዊንግ መልቀቅ ይበጃል ማለት አይደለም፤ ያደገው ሌስዊንግና ጥገኛ ተርቦቹ ይጠፋሉ፣ መድኃኒቱን የለመደው ክሽክሽ ደግሞ ያለ ተቀናቃኝ ይቀራል። «ለስላሳ» ተብለው የሚሸጡትም ሁልጊዜ ለስላሳ አይደሉም። የነፍሳትን ዕድገት የሚያውከው ፓይሪፕሮክሲፈን በካሊፎርኒያ የብርቱካን እርሻዎች በስፋት ሲረጭ የሮዶሊያን መራባት በማወኩ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ተገዝቶ የኖረው ጥጥ መሳይ ተባይ መልሶ ፈንድቷል። ያደገውን አዳኝ አለመግደሉ ብቻውን አያድንም፤ መለያው ላይ እንቁላልና እጭ ላይ የሚያደርሰው መነበብ አለበት።

ከሌላ ቦታ የመጣ ዝርያ ስለመልቀቅም ሃርሞኒያ አክሲሪዲስ ያስተማረችው አለ። ይህች የእስያ ጥንዚዛ በላተኛነቷ፣ ፈጥና መራባቷና ብርድን መቻሏ ተወድሶ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ተወሰደች። ቤልጅየም ውስጥ ከሰፈረች በአምስት ዓመት ውስጥ የአገሬዋ ባለሁለት ነጥብ ጥንዚዛ ስርጭት በ30 በመቶ፣ በብሪታንያ ደግሞ በ44 በመቶ ቀንሷል። የሌሎችን እንቁላልና እጭ ትበላለች፤ በራሷ ላይ ጉዳት የማያደርሱ፣ ለሌሎቹ ግን ገዳይ የሆኑ ጥገኛ ተሕዋስያንንም ትሸከማለች። በወይን ዘለላ ውስጥ ተደብቃ አብራ ስትጨመቅ የወይን ጠጁን ጣዕም ታበላሻለች። ለሽያጭ ያስመረጧት ጠባዮች ናቸው ወራሪ ያደረጓት። እንግዲህ ጥቅል ከመታዘዙ በፊት ሙሉ ሳይንሳዊ ስሙን መጠየቅ፣ ዝርያው በአካባቢው አስቀድሞ የሚገኝ መሆኑን ማረጋገጥና ከአገሩ የዕፅዋት ጤና ተቆጣጣሪ ፈቃድ ማግኘት የግድ ነው። «ሌዲበርድ» ወይም «ሌስዊንግ» ብቻ ብሎ የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚሸጥ አልነገረም።

ከተለቀቁ በኋላ

በገመድ ከተለዩት ተክሎች 10ሩን መርጦ በየ4 ቀኑ የአንድ አንድ ቀንበጥ ክሽክሽ መቁጠር በቂ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሩ ቢጨምር እጩ ገና ትንሽ ስለሆነ አይደንቅም። ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን መጨመሩ ካልቆመ ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ቅደም ተከተሉ ጉንዳን፣ የቀድሞ ርጭት ቅሪት፣ ሙቀት፣ ከዚያ በኋላ ብዛት ነው። ብዙዎች ከመጨረሻው ይጀምሩና ሁለተኛ ጥቅል ይገዛሉ፤ ጉንዳኑም ሁለተኛውን ይጨርሰዋል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚፈለገው ሌላ ነው። ከሐር ሽፋናቸው የወጡት ሌስዊንጎች ወለላና የአበባ ዱቄት ካላገኙ እንቁላል የሚጥሉት ሌላ ቦታ ሄደው ነው። ድንብላልና እንስላል ሲያብቡ አበባቸው ጥልቀት የሌለው በመሆኑ አጭር አፋቸው ወለላው ላይ ይደርሳል። በየ2 ሳምንቱ እየተፈራረቀ የተዘራ አንድ ረድፍ አበባው እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ከዚያ በማለዳ፣ ጤዛው ሳይነሳ፣ ወጣት ቅጠሎችን ገልብጦ ማየት ነው። ማንም ያላስቀመጣቸው፣ በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ የቆሙ አረንጓዴ እንቁላሎች እዚህም እዚያም ከታዩ የሚቀጥለውን ጥቅል ማዘዝ ይቆማል።